ባሕሩን ቀድሞ ያየ

ሰው ለእረፍት የሚወጣው ሊያርፍ ነው የሚል ካለ፣ ክላይቭ ራምስደንን አያውቅም ማለት ነው። ወይም ያውቀዋል፣ በሌላ ስም ነው እንጂ፤ በእንግሊዟ ዮርክሻየር ክላይቭ የሌለበት ሰፈር የለም። ትምህርት ቤት በተዘጋ ማግስት፣ ወፍ እንኳ አንድ ዓይኗን ገልጣ «ገና ነው» ብላ መልሳ በምትከድንበት ሰዓት፣ ከሰፈሩ የአንድ ቤት መብራት ቦግ ይላል። የመኪና በር፣ ሰው እንዳይቀሰቅስ ተብሎ፣ ቀስ ብሎ ይዘጋል። በደንብ ስላልገጠመ ይከፈትና ደግሞ ይዘጋል። በሦስተኛው ሰፈሩ ሁሉ ይነቃል። ይኸው እሱ ነው። ይቅርታ፣ እሳቸው ናቸው። ቤተሰብ አስከትለው ከሠራዊቱ ሁሉ ፊት የሚዘምቱ ሰው ናቸውና ያለ ማዕረግ መጥራት ነውር ነው፤ ፊታውራሪ ክላይቭ እንበላቸው።

ፊታውራሪ በሥራ ቀን የሊፍት መርማሪ ናቸው። ሃሊፋክስ ውስጥ ሕንጻ ለሕንጻ እየዞሩ ገመድ ይነካካሉ፣ በር ይከፍታሉ፣ በር ይዘጋሉ፣ ወረቀት ላይ ይፈርማሉ። የአንድ ከተማ ሰው ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በእሳቸው ፊርማ ላይ ቆሞ ወጥቷል፣ ወርዷል፤ አንድም ቀን ማን እንደፈረመ ጠይቆ አያውቅም። ሲያስነጥሱ ይቅርታ የሚጠይቁ፣ ወረፋ ላይ የተጋፋቸውን ሰው «የኔ ጥፋት ነው» የሚሉ ዝምተኛ ሰው ናቸው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ግን ያ ሰው ኮቱን አውልቆ ይሄድና ሌላ ሰው በቦታው ይቆማል።

ወጥ ቤት ውስጥ፣ ፍሪጁ ላይ፣ አንድ ወረቀት ተለጥፏል። በዚያ አገር የትምህርት ቤት እረፍትን እያንዳንዱ ወረዳ በራሱ ነው የሚወስነው። ሌላ ወላጅ የልጁን ትምህርት ቤት ቀን ካወቀ ይበቃዋል። ፊታውራሪ ግን የዘጠኝ ወረዳ ቀን በዘጠኝ ቀለም ጽፈዋል። የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፤ እኛ ዝግ ሆነን እነሱ ክፍት የሚሆኑበትን ቀን።

«እነሱ» እነማን እንደሆኑ ተጠይቀው ያውቃሉ። «ሕዝቡ ነዋ» ይላሉ፣ ራሳቸው ከሌላ ነገር የተሠሩ ይመስል። ሕዝቡ መንገድ ይዘጋል፣ ሕዝቡ የመኪና ማቆሚያ ይሞላል፣ ሕዝቡ ጥሩውን አሸዋ ይይዛል። ስለዚህ ሕዝቡን መቅደም ነው። ከንጋቱ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ነዳጅ ማደያው ጋ ሲደርሱ ታዲያ፣ ሌሎች አምስት ፊታውራሪዎች አምስት የተኛ ቤተሰብ ጭነው፣ በየማሽኑ አጠገብ ቆመው ነዳጅ ይቀዳሉ። እርስ በርስ ይተያያሉ። ሰላምታ የለም። የመጀመሪያው ክዳኑን ገጥሞ ወደ መኪናው ሲሮጥ ሌሎቹም ይሮጣሉ።

ይህን ሁሉ ከኋላ ወንበር በስተግራ ተቀምጣ ስታይ ያደገችው ልጃቸው ብሪዮኒ ናት። ከሁለት ዓመቷ ጀምሮ አስራ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ከዚያ ወንበር ላይ የአባቷን ግራ ጆሮ፣ የእናቷን ፀጉርና የዓለምን ግማሽ አይታለች። ከጎኗ አያቷ ዊኒ፣ የእናቷ እናት፣ የምግቡን ቦርሳ ጭናቸው ላይ አድርገው ይቀመጣሉ። አያትየው ሰማንያን አልፈዋል፤ መኪናው ከቤት ሳይርቅ ይተኛሉ፣ ግን አንድም ወሬ አያመልጣቸውም።

አንድ ጊዜ፣ ብሪዮኒ ሰባት ዓመቷ ሳለ፣ ፍየልና አህያ የሚጎበኝበት እርሻ ሄደው በሩ ሊከፈት ሁለት ሰዓት ተኩል ሲቀረው ደረሱ። ፊታውራሪ ሞተሩን አጥፍተው፣ እጃቸውን መሪው ላይ እንዳደረጉ፣ ባዶውን የመኪና ማቆሚያ አገር እንደያዘ ሰው ቃኙት።

«ቀድመናቸዋል» አሉ።

«ማንን?» አለች ብሪዮኒ።

«እነሱን።»

«ፍየሎቹስ መቼ ተነሱና» አሉ አያቷ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

በመጨረሻ የእርሻው ሰው ቁልፍ እያንቃጨለ መጣ። በትንፋሽ እንፋሎት በተሸፈነ መስታወት ውስጥ አራት ፊት ሲያይ ቆመ፤ ጎንበስ ብሎ አንኳኳ።

«እዚሁ ነው እንዴ ያደራችሁት?»

«አሁን ነው የደረስነው» አሉ ፊታውራሪ። «ጥሩ እየገሰገስን ነው።»

አራት ሰዓት ላይ በሩ ሲከፈት ምሳቸውን በልተው ጨርሰው ነበር።

«ጥሩ እየገሰገስን ነው» የፊታውራሪ መፈክር ነው። መንገድ ላይ ይሉታል፣ የመንገድ ጥገና ፊት ቆመውም ይሉታል። ሁለተኛው መፈክር የዝናብ ነው። ዝናቡ መኪናውን እንደ ከበሮ ሲደበድበው፣ የፊት መስታወቱን በእጃቸው ጠረግ አድርገው በጣታቸው ሩቅ ያመለክታሉና «ከወዲያ በኩል ነጣ ብሏል» ይላሉ። ብሪዮኒ ልጅ ሳለች «ወዲያ በኩል» የሚባል ከተማ ያለ ይመስላት ነበር፤ ሁልጊዜ ፀሐይ ያለበት፣ እነሱ ግን የማይሄዱበት።

ባሕር ዳር ሲደርሱ ደግሞ የነፋስ መከለያው አለ። ባለ ሰንበር ሸራ ነው፣ ስድስት እንጨት አለው፣ እንጨቱ በመዶሻ አሸዋ ውስጥ ይተከላል። ፊታውራሪ ጣታቸውን ልሰው ወደ ሰማይ ይዘረጋሉ፣ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ይወስናሉ፣ ከዚያ መዶሻው ይጀምራል። አንድ ዓመት ሁለት ኪሎ ሜትር ባዶ አሸዋ መካከል ተክለው ገና ላባቸውን ሳይጠርጉ፣ አንድ ትልቅ ቤተሰብ ከነውሻው መጣና፣ ያን ሁሉ ባዶ ምድር ትቶ፣ ሸራውን ተጠግቶ ተቀመጠ። «እነሱ» በመጨረሻ መልክ ያላቸው ሰዎች ሆነው ታዩ። ፊታውራሪ ቀኑን ሙሉ ለብቻቸው እያጉተመተሙ ዋሉ፤ የሰዎቹ ኳስ ሲመጣባቸው ግን «ይቅርታ» ብለው መለሱላቸው።

ለሦስት ቀን የተከራዩትን ባለ ጎማ ተጎታች ቤት ነገርማ ባናነሳው ይሻላል። ሦስቱንም ቀን ዘነበ። ፊታውራሪ ለመርከብ የሚያበራ ማማ ሥዕል ያለበትን የሺህ ቁራጭ መገጣጠሚያ ጨዋታ አውጥተው፣ ማን በየትኛው ሰዓት ሰማዩን፣ ማን ድንጋዩን እንደሚገጥም ፕሮግራም አወጡ። አንድ ቁራጭ ጠፋ። በዓመቱ በአያትየው ነጠላ ጫማ ውስጥ ተገኘ። «እኔ ደግሞ የእግሬ ኪንታሮት መስሎኝ» አሉ።

ዕቅዱ ሁሉ በወረቀት ይሰፍራል፤ ወረቀቱም ላሚኔት ይደረጋል፣ በፕላስቲክ ይታሸጋል። ማሽኑን የገዙት በገዛ ልደታቸው ነው። ወረቀቱ በአንድ በኩል ይገባል፣ በሌላው በኩል ትኩስ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ቡና ቢደፋበት የማይሞት ሆኖ ይወጣል። የቤቱም ሕግ ይኸው ነው፤ ፕላስቲክ ውስጥ የገባ አይለወጥም። ጉንፋን አይለውጠውም፣ የንጉሥ ቀብር አይለውጠውም።

በዚህ ሁሉ ጥብቅ ነገር መካከል አንድ ጨዋታ ነበር። ወደ ሆልምስዊክ የባሕር ዳር ከተማ ሲወርዱ፣ ባሕሩን መጀመሪያ አይቶ «ባሕሩ!» ያለ ሰው ከዳሽቦርዱ መሳቢያ ካለችው ቆርቆሮ ውስጥ አንድ የናና ከረሜላ ይሸለማል። ብሪዮኒ ስንት ጊዜ እንዳሸነፈች ቁጥሩ ጠፍቷታል። እናቷ ሞሪን ሁለቴ አሸንፋለች። አያቷ ሦስቴ አሸንፈዋል፤ አንዱ ሊድስ አጠገብ ያለ የውኃ ማጠራቀሚያ ነበር፣ ግን ከረሜላውን ከመጠጡት በኋላ ነው የታወቀው። መድረስና መቅደም ሕይወታቸው የሆነ ፊታውራሪ ክላይቭ ግን አንድም ቀን አሸንፈው አያውቁም። «ዓይኔ መንገድ ላይ ነው» ይላሉ። ብሪዮኒ ታዲያ የንስር ዓይን እንዳላት አምና አደገች፤ ትምህርት ቤት ውስጥም ብዙ ተኩራርታበታለች።

ፊታውራሪ ሌላም ነገር ነበረባቸው፣ የደረት። የባሕሩ አየር ሲቀርብ ያስላቸዋል። አያትየው ይህን አይተው፣ የገና በዓል በመጣ ቁጥር የሳል ሽሮፕ በሚያምር ወረቀት ጠቅልለው ይሰጧቸዋል። ወፍራም፣ ጥቁር፣ ሽታው እንደ ሬንጅ የሆነ። «ለዚያ ደረትህ» ይላሉ። ፊታውራሪም «አመሰግናለሁ እማማ፣ እርስዎ ባይኖሩ ምን እሆን ነበር» ይላሉ።

ዘንድሮ ብሪዮኒ አስራ ስምንት ሊሞላት ሁለት ወር ቀርቷታል። መስከረም ላይ አበርዲን ዩኒቨርሲቲ ትገባለች። ከዚያ በኋላ በዚያ ቤት የትምህርት ቤት እረፍት የሚባል ነገር የለም፤ ዘጠኙ ቀለም ለማንም አይጠቅምም። ይህን ሁሉም ያውቁታል፣ ማንም አያወራውም። የባሰው ነገር ግን ፋሲካ ነው። ፊታውራሪ ለፋሲካ አራት ቀን ተጎታች ቤት ይዘዋል። ብሪዮኒ ደግሞ ከሦስት ጓደኞቿ ጋር በባቡር ኤደንብራ ልትሄድ ቃል ገብታለች። ሁለት ሳምንት ቃሉን በአፏ ይዛ ዞረች፤ አባቷ ፊት ስትደርስ እንደ ትኩስ ድንች ትውጠዋለች።

እሑድ ዕለት ሞሪን ሳህን እያጠበች «ነገ ማታ የፋሲካውን ዕቅድ ፕላስቲክ ውስጥ ሊያስገባው ነው» አለቻት።

«አውቃለሁ።»

«ከገባ አለቀ።»

«አውቃለሁ አልኩሽ እኮ እማዬ። አንቺ ንገሪልኝ።»

«እኔ?» ሞሪን ሳህኑን አስቀመጠች። «እኔ ሃያ አራት ዓመት ያልነገርኩት የራሴ ጉዳይ አለኝ። የእንቁላል ሳንድዊች አልወድም።»

ብሪዮኒ እናቷን አዲስ ሰው እንዳየች አየቻት። «በየጉዞው ትበዪዋለሽ እኮ።»

«በፍቅር ነዋ የበላሁት። አንቺ ግን ገና ልጅ ነሽ፣ ተናገሪ።»

ሰኞውም መጣ። ያ ሰኞ ተራ ሰኞ አልነበረም። የየካቲቱ የአንድ ሳምንት እረፍት እሑድ አልቋል፤ የዘጠኙም ወረዳ ልጆች ሰኞ ጠዋት ክፍላቸው ገብተዋል። የብሪዮኒ ትምህርት ቤት ብቻ፣ አስተማሪዎቹ ሥልጠና ስላላቸው፣ አንድ ቀን ጨምሮ ተዘግቷል። ፊታውራሪ ይህን ቀን ያገኙት መስከረም ላይ ነው፤ እንዳገኙትም ወንበር ስበው ተቀመጡ። አስራ ስድስት ዓመት የፈለጉት ቀን ነበር። እነሱ የማይኖሩበት ቀን።

መንገዱ ባዶ ነበር። ነዳጅ ማደያው ላይ እንኳ ሌላ ፊታውራሪ አልነበረም፤ እሳቸው ዞር ዞር ብለው ሲፈልጉ፣ ትንሽ ቅር ያላቸውም ይመስል ነበር። ጎህ ሲቀድ ከፍታው ላይ ደረሱ። ጉም ነበር። ጉሙ ኮረብታዎቹን አንድ በአንድ አንስቶ ወስዶ በምትካቸው ዝምታ አስቀምጧል፤ አንዳንድ በግ ከነጩ ውስጥ ራሱን አውጥቶ መኪናዋን ያይና ተመልሶ ይጠፋል። ብሪዮኒ ግንባሯን መስታወቱ ላይ አስደግፋ፣ ዓለም ገና ያልተጻፈበት ወረቀት ይመስላል ብላ አሰበች። ከዚያ «አባዬ፣ አንድ ነገር ልንገርህ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር በልቧ ለአርባኛ ጊዜ ጀመረችው።

ቁልቁለቱ ላይ አንድ ጎተራ አለ፤ ጣሪያው የዛገ ቆርቆሮ ነው። ከጎተራው ቀጥሎ መንገዱ ይጠመዘዛል፣ የቁጥቋጦው አጥር ይቋረጣል፣ እዚያ ጋ ነው ባሕሩ የሚታየው። ጎተራው ከጉሙ ውስጥ ብቅ አለ። መኪናው ታጠፈ። አጥሩ ተቋረጠ። ባሕር የለም። ከላይ ነጭ፣ ከታች ነጭ።

«እህም» አሉ ፊታውራሪ።

መኪናዋ ዝግ አለች። ሽንት ለመጣበት ሰው እንኳ የማትዘገይ መኪና ዝግ አለች።

«እህ… እህም።»

«ይሄ ደረትህ» አሉ አያትየው በእንቅልፋቸው።

ብሪዮኒ ቀና ስትል የአባቷ ዓይን በኋላ መመልከቻ መስታወቱ ውስጥ ወደ እሷ መጣና፣ ስታየው፣ ወደ መንገዱ ሸሸ። እሷም ያን ግራ ጆሮ አየችው። ያ የታመመ ሰው ጆሮ አልነበረም። የሚያሳየው ነገር በሌለበት፣ በጉም ውስጥ፣ በልማድ ብቻ የተሳለ ሳል ነበር። አምስት ዓመቷ ሳለ ሥዕል ስትቀባ፣ አስር ዓመቷ ሳለ ከአያቷ ጋር ስትጣላ፣ አስራ አራት ሆና ስልኳ ላይ ተደፍታ፣ ከጎተራው ቀጥሎ ሳል ትሰማና ቀና ትላለች፤ ቀና ስትል ባሕሩ እዚያ አለ። ዓይኗ የንስር አልነበረም። ፊት የቀደመው ሰው ባሕሩን በየዓመቱ አይቶ፣ በየዓመቱ ዝም ብሎ፣ ለኋላው ወንበር አሳልፎ ሰጥቶ ነበር።

ከፊት የተቀመጠችው ሞሪን ወደ ጎን መስታወቱ ዞራ ከንፈሯን ነክሳ ነበር። እሷም ታውቃለች።

ብሪዮኒ ያዘጋጀችው ዓረፍተ ነገር ከነመግቢያው ጠፋባት።

ሆልምስዊክ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ደረሱ። የመኪና ማቆሚያው ባዶ ነው። የባሕር ዳሩ መንገድ ባዶ ነው። ፊታውራሪ ወርደው እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ቆሙ። «ቀድመናቸዋል» አሉ፤ ድምፃቸው እንደ ጸሎት ቀጭን ነበር።

አራት ሰዓት ላይም ባዶ ነበር። ልጆች የሚጫኑባት ትንሿ ባቡር በሸራ ተሸፍናለች። የዓሣ ማሳያ ቤቱ መዝጊያው ላይ ሰንሰለት አለ። የተጠበሰ ዓሣ የሚሸጥበት ቤት ወንበሮቹን ገልብጦ ጠረጴዛ ላይ ጭኗል፤ መስታወቱም ላይ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ነበር፤ «ሳምንቱን ሙሉ እናንተን አሳርፈናል፣ አሁን ደግሞ እኛ አርፈናል። ቅዳሜ እንገናኝ።» ከተማው በሙሉ፣ ሕዝቡ ሲሄድለት፣ በሩን ዘግቶ ተኝቷል።

ውሻ የሚያንሸራሽር አንድ ሽማግሌ ከጉሙ ውስጥ ወጣ። አራቱንም አያቸው፣ አዘነላቸው።

«ዛሬ እኮ ማንም የለም» አለ። «እረፍቱ ትናንት አልቋል።»

«እናውቃለን» አሉ ፊታውራሪ በክብር። «ለዚያ ነው የመጣነው።»

ሽማግሌው ውሻውን አየ፤ ውሻውም ሽማግሌውን። መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ወደ መኪናው ተመለሱ። መኪናዋ ፊቷን ባሕሩ ሊኖር ወደሚገባው ቦታ አዙራ ቆማለች። ፔርሙዙ ተከፈተ፣ መስታወቱ በሻይ እንፋሎት ተሸፈነ፣ ሳንድዊቹ ዞረ። ፊታውራሪ ፕላስቲኩን ዕቅድ ጭናቸው ላይ አድርገው ያነባሉ፤ አራት ሰዓት ተኩል ባቡር፣ አምስት ሰዓት ከሩብ ዓሣ ማሳያ፣ ሰባት ሰዓት ሽርሽር። ጣታቸው ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው ይሄዳል፤ እዚያም ዝግ ነው።

«ከወዲያ በኩል ነጣ ብሏል» አሉ በመጨረሻ፤ ሁሉም ነገር ነጭ ነበርና ማንም ሊከራከር አልቻለም።

«አባዬ» አለች ብሪዮኒ።

«እ።»

«ፋሲካ ላይ አልመጣም። ኤደንብራ እሄዳለሁ፣ ከጓደኞቼ ከእነ ሮዊና ጋር። ሁለት ሳምንት ሆኖኛል ልነግርህ ስፈልግ።» ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ አወጣችው። «ተጎታች ቤቱን እንደያዝክ አውቃለሁ።»

ሞሪን ማኘክ አቆመች። አያትየው ዓይናቸውን ገለጡ። ፊታውራሪ የፊት መስታወቱን በእጃቸው ጠረጉት፤ ሲጠርጉትም የሚታይ ነገር አልነበረም። ደግሞ ጠረጉት።

«በባቡር?» አሉ።

«በባቡር።»

«ስንት ሰዓት ነው የሚነሳው?»

«አራት ሰዓት ከሃያ።»

«አራት ሰዓት ከሃያ» አሉ፣ የሞት ወሬ እንደሰማ ሰው። «ሕዝቡ በሙሉ ይኖራል እኮ።» ከዚያ ደግሞ፣ ለራሳቸው ያህል፣ «ጥሩ ነው። ገና ፕላስቲክ አልገባም» አሉ።

ሞሪን ጊዜው ይኸው ነው ብላ መሰለኝ «ክላይቭ፣ እኔም የምነግርህ ነገር አለ» አለች። «እንቁላል አልወድም።»

ፊታውራሪ ሚስታቸውን አዩ። የያዘችውን ግማሽ ሳንድዊች አዩ። የበሩን እጀታ ሳቡና ወጡ። የኋላው ዕቃ መጫኛ ተከፈተ፣ መዶሻውና ሸራው ወጣ፣ ሰውየው ጉሙ ውስጥ ገባ። ትንሽ ቆይቶ ቋ፣ ቋ፣ ቋ የሚል ድምፅ መጣ።

«ምነው፣ ሁለታችሁም በአንድ ቀን?» አሉ አያትየው። «እንቁላሉን እንኳ ለሌላ ጊዜ ብታቆዪው ምን ነበረበት?»

«ልሂድ?» አለች ብሪዮኒ።

«ሂጂ እንጂ። ብቻውን ሸራ ሊተክል ነው፣ እንጨቱን ማን ይይዝለታል?»

ከዚህ በኋላ ማዕረጉን መኪናው ውስጥ ትተን እንሂድ። አሸዋው ላይ ያለው ፊታውራሪ አልነበረም፤ አንድ የሃሊፋክስ ሊፍት መርማሪ ነበር፣ ነፋስ በሌለበት ቀን የነፋስ መከለያ የሚተክል። ብሪዮኒ መጥታ ሁለተኛውን እንጨት ያዘችለት። እሱ መታ። ሦስተኛውን ያዘች። መታ። አምስተኛው ላይ ሲደርሱ ፊቷን የሆነ ነገር ነካት፤ ብርሃን ነበር።

ጉሙ ሊሄድ ነው። በአንዴ አልሄደም፤ እንደ አፋር እንግዳ ቀስ ብሎ ተነሳ፣ መጀመሪያ ከእግራቸው ሥር፣ ከዚያ ከእርጥቡ አሸዋ ላይ፣ ከዚያ አንድ ግራጫ መስመር ታየ፣ መስመሩ ተነቃነቀ፣ ነጭ ጫፍ አወጣ። ብሪዮኒ ይህን ባሕር በሕይወቷ ስንት ጊዜ አይታዋለች፤ እንደዚህ፣ አሁን ገና እየተሠራ ያለ ያህል፣ አይታው አታውቅም። አፏን ከፈተች። ቃሉ ምላሷ ላይ ነበር።

ከዚያ አባቷን አየችው። ባሕሩ ፊት ለፊቱ ነበር፣ ሙሉውን፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ፤ እሱ ግን ጎንበስ ብሎ ቀድሞ የተተከለውን እንጨት በጥንቃቄ ይመረምር ነበር።

«እህም» አለ።

ብሪዮኒ አፏን ዘጋች። ስድስተኛውን እንጨት አነሳች። ጉሮሮዋን ጠረገች።

«እህ… እህም» አለች።

መዶሻው አየር ላይ ቆመ። አባቷ ቀና ብሎ አያት፤ ግራ ጆሮው ቀስ በቀስ ቀላ።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ዛሬ። ምንም በሌለበት ስታስል።»

«ጉም መሆኑን እኔም አይቻለሁ» አለ ቅር ብሎት። «እዚያ ጋ መሪውን ሳጥፍ ጉሮሮዬ ራሱ እህም ይላል። ልማድ ነው።»

«አባዬ።»

«እ።»

«ዓይንህ አሁን መንገድ ላይ አይደለም።» እንደገና ሳለች፣ አሁን ረዘም አድርጋ፣ እንደ አሮጌ አጫሽ።

ዞረ። መዶሻውን አወረደው። የተሠራውን ሁሉ በአንድ ፊርማ የሚቀበል ሰው እንደሚያደርገው፣ ባሕሩን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ አየው፤ የሚጎድል ነገር አላገኘበትም።

«ያውና ባሕሩ» አለ፣ በጣም ዝግ ባለ ድምፅ።

ብሪዮኒ ወደ መኪናው ሮጠች። አያትየው መስታወቱን ዝቅ አድርገው ይጠብቁ ነበር።

«የከረሜላዋን ቆርቆሮ ስጪኝ እማዬ።»

«ማን አሸነፈ?» አሉ አያትየው።

«አባዬ።»

«እሱ? ዛሬ ምን ነካው?»

«ሳሉ ለምልክት ነበር አያቴ። ቀና እንድንል። ሁልጊዜ ቀድሞ ያየው እሱ ነበር።»

አያትየው ይህን በጥርሳቸው ያመነዠኩት ይመስል ለትንሽ ጊዜ አፋቸው ተንቀሳቀሰ። ወደ አሸዋው አዩ፤ እዚያ አንድ ቀጭን ሰው ለማንም የማይጠቅም ሸራ ይዞ ቆሟል።

«ታዲያ ያ ሁሉ ሽሮፕ?» አሉ።

«ጠጥቶታል» አለች ሞሪን። «ጠርሙስ ሳያስቀር። እንዳይከፋዎት ብሎ።»

አያትየው መስታወቱን ከፍ አደረጉት። ከዚያ ዝቅ አደረጉት። «ሁለት ስጪው» አሉ።

ብሪዮኒ ሁለት ከረሜላ ይዛ ተመለሰች። አባቷ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ አፉ ውስጥ ከተታቸውና ጉንጩ አበጠ። በባዶው ባሕር ዳር፣ በተዘጋው ከተማ ፊት፣ ነፋስ በሌለበት ከነፋስ መከለያው ጀርባ ጎን ለጎን ቆሙ። ማንም አልመጣም። እሱ እጅጌውን ሰብስቦ ሰዓቱን አየ።

«ጥሩ እየገሰገስን ነው» አለ።